አንቀጽ ዘጠኝ እና ቢጫው ጀሪካን

ደንብ ጽፋችሁ ታውቃላችሁ? ካልጻፋችሁ ተመስገን በሉ። ከጻፋችሁ ግን ዛሬውኑ ከሣጥን አውጥታችሁ አንቀጽ በአንቀጽ እዩት፤ ከመካከላቸው አንዱ በእናንተው ልክ የተሰፋ ነው። የትኛው እንደሆነ ግን እስክትለብሱት ድረስ አታውቁትም። የኔ አንቀጽ ዘጠኝ ነበር።

ከመርሳ ወጣ ብሎ፣ ወደ ውርጌሳ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ጉብታ ላይ ቤተ ክርስቲያናችን አለች። እዚያ የሰንበቴ ማኅበር አለን። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተረኛው ዳቦውንና ጠላውን ይዞ ይመጣል፤ ካህኑ ይባርካሉ፤ ከደጅ ከሚቀመጡት ነዳያን ጋር ተካፍለን እንቀምሳለን፤ በሞት የተለዩንን "ነፍስ ይማር" ብለን ወደየቤታችን እንሄዳለን። ሰብሳቢውን "ሙሴ" ነው የምንለው። ባለፈው መስከረም ሙሴ ሆኜ የተመረጥኩት እኔ ነኝ። በችሎታዬ እንዳይመስላችሁ፤ ስልክ ላነሳ ወጥቼ ስመለስ አጨበጨቡልኝ።

ከኔ በፊት የነበሩት ሙሴዎች ሥራቸው ዳቦ ማስቆረስና ወንበር መቁጠር ነበር። እኔ ግን ሙሴ ከተባልኩ ሕግ ማውረድ አለብኝ ብዬ ተነሣሁ። ምን ላድርግ፣ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ግማሽ ማርክ የሚባል ነገር አልሰጥም። ተማሪው አሥር መስመር በትክክል ሠርቶ መጨረሻ ላይ አንዲት የመቀነስ ምልክት ቢረሳ ዜሮ ነው። ልጆቹ በሌለሁበት ምን ብለው እንደሚጠሩኝ አውቃለሁ፤ እዚህ ላይ አልጽፈውም። ለማንኛውም ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ተቀምጬ ሦስት ገጽ ደንብ ጻፍኩ። አሥራ ሰባት አንቀጽ። የጥንቱ ሙሴ ያወረደው አሥር ብቻ ነው፤ በሰባት በለጥኩት።

አንቀጽ አራት ስለ ማርፈድ ነው። አንቀጽ ስድስት በስብከት ሰዓት ማንኮራፋትን ይከለክላል፤ ይህ የተጻፈው ለአያ ሞላ ነው። አያ ሞላ ሰንበቴ የሚመጣው ለጠላው ነው እየተባለ ይታማል፤ እሱም ሐሜቱን አስተባብሎ አያውቅም። አንቀጽ ዘጠኝ ደግሞ "በጾም ወቅት የፍስክ ነገር ወደ ሰንበቴው ያስገባ ማንኛውም አባል ያለ ምንም ምክርና ተግሣጽ ከማኅበሩ ይሰረዛል" ይላል። "ያለ ምንም ምክርና ተግሣጽ" የሚለውን በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ደንቡን አንብቤ ስጨርስ አያ ሞላ እጁን አውጥቶ፣ "ሙሴ፣ ሰው የሚማርበት አንቀጽ ስንተኛው ነው?" አለ። ጥያቄው ከርዕሱ ውጪ ነው ብዬ አለፍኩት።

አሁን ወደ እማማ ዙሪያሽ ልውሰዳችሁ። እማማ ዙሪያሽ ሰባን የተሻገሩ፣ ቁመታቸው ከበር መቀርቀሪያ የማያልፍ፣ አስፋልት ዳር ፓፓያ የሚሸጡ አሮጊት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጅ የላቸውም። ዓይናቸው ግን የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ዓይን ነው፤ ሲስቅብህ ታውቃለህ፣ ምን ላይ እንደሚስቅ ግን አታውቅም። በሁዳዴ የመጀመሪያው እሑድ ተራው የእሳቸው ነበር። ዳቦውን ከነጠላቸው ሲያወጡት አንዱ ጠርዝ ጎድሏል። ደህና አድርጎ ነው የጎደለው።

"እማማ፣ ይሄን ዳቦ ምን ነካው?" አልኳቸው።

"እኔ ነካሁት።"

"እንዴት ማለት?"

"ሸተተኝ፣ ቆረስኩ።"

ሰው ሁሉ ሳቀ። የሰንበቴው ካህን መምሬ አስፋውም ፈገግ ብለው ሊባርኩት እጃቸውን አነሡ። እኔ ግን ደንቤን አወጣሁ። አንቀጽ አሥራ አንድ፤ "ያልተባረከ ዳቦ የቀመሰ ይሰረዛል።" አንዲት ፍርፋሪም ብትሆን ዳቦ ናት፣ ዛሬ ጠርዙን ዝም ካልን ነገ መሐሉን እናጣለን ብዬ ተናገርኩ። ጉዳዩን በዚያው ቀን ብቆርጠው ይሻል ነበር። ግን ዳኛ መሆን ቀጠሮ መስጠትን ይጨምራል ብዬ ለሦስት ሳምንት ቀጠርኳቸው። ሦስት ሳምንት ቆጥራችሁ ብትደርሱ፣ የሰንበቴው ተረኛ እኔው ነኝ።

በዚያ ሳምንት እማማ ዙሪያሽ ቤቴ ድረስ መጡ። አንድ ፓፓያ ይዘው ነበር።

"ልጄ፣ ቅጣኝ፣ አልቀየምህም" አሉኝ። "ከዝርዝሩ ግን አታውጣኝ። ልጅ የለኝ፣ ወንድም የለኝ። ስሞት ነፍስ ይማር የሚለኝ ያ ሰንበቴ ብቻ ነው። አርባ ዓመት ለሰው ነፍስ ይማር ስል ኖሬ፣ የኔ ተራ ሲደርስ ዝም ልባል?"

"እማማ፣ ደንብ ደንብ ነው" አልኳቸው።

"እሺ" ብለው ተነሡ። ሲወጡ ጎንበስ ብለው ነበር፤ እኔ የበሩ ጉበን ዝቅ ስላለ ነው አልኩ፤ እንዳልኳችሁ ግን እሳቸው ለየትኛውም ጉበን ጎንበስ የሚያሰኝ ቁመት የላቸውም። ፓፓያውን ተቀበልኩ። ስለ ፓፓያ የሚከለክል አንቀጽ አልነበረኝም። ባለቤቴ ያን ቀን ማታ አላናገረችኝም፤ ሽሮውም ጨው አልነበረውም። ጨው አነሰው ብል ሌላ ነገር እንደሚመጣ ስለገባኝ ዝም ብዬ በላሁ።

ዘንድሮ ረመዳንና ሁዳዴ ገጥመዋል። እኛ አገር ሁለቱ ሲገጥሙ ደስ ይላል፤ ሁሉም ስለጾመ ማንም ማንንም "ካልቀመስክ" ብሎ አይሟገትም። ያ የቀጠሮ እሑድ ደረሰና ባለቤቴ የጠመቀችውን ጠላ ባለ አሥር ሊትር ቢጫ ጀሪካን ውስጥ ሞላችልኝ። የጀሪካን ክዳን እንደምታውቁት በተገዛ በሳምንቱ ይጠፋል፤ በፌስታል ጠቅጥቃ ደፈነችው።

"ምልክት ልሰርበት፤ ቀይ ክር አለኝ" አለች።

"እኔ የገዛ ጀሪካኔን ላላውቅ?" አልኳት።

ከሰፈራችን ሰይድን ጠራሁ። ሰይድ ባጃጁን እንደ ፈረስ የሚያሽሞነሙን ጎልማሳ ነው። ዳቦውን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ፤ ጀሪካኑ ከኋላ ተቀመጠ። ከመናኸሪያው ሳንርቅ አንዲት ሴት አስቆመችን። እትዬ ዘሀራ ትባላለች፤ ግራና ከምትባለው ከተማ መምጣቷ ነበር፤ ወደ ውርጌሳ ለፍጡር፣ ለማታው የጾም መፍቻ፣ ነው የምትሄደው። እሷም እንደኔው በፌስታል የተደፈነ ቢጫ ጀሪካን ይዛለች። ሰይድ ጀሪካኗን ተቀብሎ ከኔው ጎን ሰካው። እኔ ምን እንደያዘች አልጠየቅኩም። በዚያን ሰዓት ንግግሬን እየተለማመድኩ ነበር።

"መምህር፣ ማንን ነው የሚያነጋግሩ?" አለ ሰይድ በመስታወቱ እያየኝ።

"ፍርድ እያዘጋጀሁ ነው።"

"በማን ላይ?"

"በአንዲት አሮጊት።"

"ምን አጥፍተው?" አለች እትዬ ዘሀራ።

"ዳቦ ቆርሰው። ሳይባረክ። ሸተተኝ ብለው።"

ሰይድና ዘሀራ በመስታወቱ ውስጥ ተያዩ። "ሱብሃነላህ" አለች እሷ፤ "ጾመኛ ሰው ትኩስ ዳቦ ሲሸተውማ መላእክትም ፊታቸውን ያዞራሉ።" እኔ ስለ መላእክት ከሷ ጋር መከራከር ስላልፈለግኩ ወደ አንቀጽ አሥራ አንድ ተመለስኩ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ዳገት ሥር ስንደርስ ሰይድ ጀሪካኑን ሊያወርድልኝ ወረደ። "ተው፣ ራሴ አወርደዋለሁ" አልኩት፤ "እናንተ ሹፌሮች የሰው ዕቃ ታቀያይራላችሁ።" ይህን ቃል በቃል ነው ያልኩት። ሰይድ እስከ ዛሬ ድረስ ባገኘኝ ቁጥር ይደግምልኛል። ከዚያ በገዛ እጄ፣ በሙሉ ልቤ፣ አንዱን ጀሪካን አንሥቼ ዳገቱን ወጣሁ።

ቅዳሴው አለቀ። ሰንበቴ ቤታችን ቆርቆሮ ክዳን ያለው፣ መስኮቱ ጠባብ ቤት ነው፤ ከፀሐይ ወደ ውስጥ የገባ ሰው ለጥቂት ጊዜ የራሱን እግር አያይም። መምሬ አስፋው ዳቦውንም ጀሪካኑንም ባረኩ። ማንቆርቆሪያ አምጥቼ ከጀሪካኑ ሞላሁ። ስሞላ ዓይኔ የት ነበር? ወረቀቱ ላይ። በአንድ እጄ ደንቡን፣ በአንድ እጄ ጀሪካኑን ይዤ ነበር፤ የማንቆርቆሪያው አፍ ጠባብ ነው፣ ቤቱ ጨለም ብሏል፣ መነጽሬ ደግሞ በላብ ደብዝዟል። ሰበብ እየደረደርኩ እንደሆነ ይገባኛል፤ እስኪ ታገሡኝ።

ከዚያ አንድ ትልቅ ሐሳብ መጣልኝ። የምሰርዛቸው ሴት ናቸውና፣ የመጀመሪያውን ጣሳ ለእሳቸው ልቅዳላቸው አልኩ። ቸርነት እንዲመስል ነው። ለምትታረድ ዶሮም ጥሬ ይበተንላት የለ! እማማ ዙሪያሽ በሩ አጠገብ፣ እንደ ተከሳሽ፣ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ጎንበስ ብዬ ቀዳሁላቸው። ጣሳውን አዩት። ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ደግመው ጣሳውን አዩት።

"ሙሴ" አሉ በሹክሹክታ።

"አቤት እማማ።"

"ይሄን ጠላ ማን ጠመቀው?"

"ባለቤቴ ናት።"

"ባለቤትህ ናት ወይስ ላምህ?"

ጣሳው ውስጥ አየሁ። ነጭ ነው። አረፋ ሁሉ አለው። ጠላ ነጭ ሊሆን የሚችልበትን ምክንያት ለማሰብ የሞከርኩት ለቅጽበት ብቻ ነው። በዓቢይ ጾም፣ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ውስጥ፣ በካህን የተባረከ አሥር ሊትር ወተት ተሸክሜ ገብቻለሁ። አንቀጽ ዘጠኝ። ያለ ምንም ምክርና ተግሣጽ። በቀይ እስክሪብቶ ሁለቴ የተሰመረበት።

እማማ ዙሪያሽ ጣሳውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑና ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። "መምሬ፣ ጠላው ከመቀዳቱ በፊት የኔ ነገር ይለቅልኝ። ፍርድ የሚጠብቅ ሰው ምን ይዋጥለታል?"

"እውነት ነው" አሉ መምሬ አስፋው። "በል ሙሴ፣ ጀምር።"

እንግዲህ ሁኔታዬን እዩልኝ። ከሳሹ እኔ ነኝ። በግራ እጄ ደንብ፣ በቀኝ እጄ ወተት የሞላ ማንቆርቆሪያ ይዤያለሁ። ተከሳሿ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው በነጠላቸው ውስጥ ማስረጃውን አቅፈዋል። ያ የአሥራ ስድስት ዓመት ዓይን ደግሞ ይስቃል።

"እስከዚያ እኔ ልቅዳ" አለ አያ ሞላ፣ ወደ ማንቆርቆሪያው እየመጣ።

"ተቀመጥ!"

"ጉሮሮዬ ደርቆ እኮ ነው።"

"ተቀመጥ አልኩህ!" ማንቆርቆሪያውን ደረቴ ላይ አቀፍኩት። አያ ሞላ ግራ ገብቶት ተቀመጠ፤ ዓይኑን ግን ከማንቆርቆሪያው አላነሣም።

"የተከበራችሁ አባላት" ብዬ ጀመርኩ። "የእማማ ዙሪያሽን ጉዳይ በጥልቀት አጥንቼዋለሁ። የቆረሱት ጠርዝ ከጠቅላላው ዳቦ አንጻር ሲታይ እጅግ ትንሽ ነው። በሒሳብ እንዲህ ያለውን ወደ ዜሮ ይጠጋል ብለን እናልፈዋለን።"

"ባለፈው ፍርፋሪም ዳቦ ነው ብለህ አልነበር?" አለ አያ ሞላ።

"ባለፈው አላጠጋጋሁትም ነበር።"

ሰዎች እርስ በርሳቸው ተያዩ። "ደግሞስ" አልኩ፣ "ቀመሱ እንጂ መቼ በሉ! ወጥ የሚሠራ ሰው ጨው አያይም? ምናልባት ጨው ለማየት ይሆናል።"

"ጨው አላየሁም" አሉ እማማ ዙሪያሽ። "ሸተተኝ ነው ያልኩት።"

"እማማ፣ እባክዎን ራስዎን አይክሰሱ!"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ቀጠልኩ። ብቻቸውን እንደሚኖሩ፣ ከሌሊት ተነሥተው ያን ዳቦ እንደጋገሩ፣ ያን ሁሉ ዳገት ተሸክመው እንደወጡ፣ አርባ ዓመት ከዚህ ቤት ቀርተው እንደማያውቁ፣ እዚህ ካሉት ስንቱን አልቅሰው እንደቀበሩ ተናገርኩ። የምናገረው ከፍርሃት ነበር። የሚገርማችሁ ግን፣ የምናገረው ሁሉ እውነት ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ይህንኑ ማሰብ እችል ነበር፤ አንድም ቀን አላሰብኩትም። እዚያው ቆሜ፣ ማንቆርቆሪያ አቅፌ፣ በራሴ አፈርኩ።

"እንግዲህ ከሳሹ ጠበቃ ከሆነ እኛ ምን ቀረን?" አሉ መምሬ አስፋው። "ይማሩ!"

"ይማሩ!" አለ ቤቱ። ሴቶቹ እልል አሉ።

"ስሜ አለ ማለት ነው?" አሉ እማማ ዙሪያሽ። ይህን ሲጠይቁ ግን ዓይናቸው አልሳቀም።

"አለ፣ አለ" ተባለ ከየአቅጣጫው።

"በል ሙሴ፣ አሁን ቅዳልን" አሉ መምሬ።

ይህን ነገር አላሰብኩበትም ነበር። አያ ሞላ ጣሳውን ዘርግቶ መጣ። ሌሎቹም ዘረጉ። እኔ ደግሞ ተገትሬ ቀረሁ። ማንቆርቆሪያውን ልጣለው? ልወድቅ? ልታመም? እማማ ዙሪያሽ ፊቴን አዩና ነጠላቸውን ገለጥ አደረጉ። ጣሳውን በሁለት እጃቸው አነሡ። ገባኝ፤ ሊጠጡት ነው። ማስረጃውን ሊያጠፉልኝ ነው። ከሰባት ዓመታቸው ጀምሮ የጾሙትን ጾም፣ ስማቸውን ሊሰርዝ ለተነሣ ሰው ሲሉ፣ በሁዳዴ መካከል ሊያፈርሱት ነው። ጣሳው ከንፈራቸው ጋር ደረሰ።

"እማማ፣ አይጠጡ! ወተት ነው!"

የተዘረጉት ጣሳዎች ሁሉ ወረዱ። ቆርቆሮው ላይ ርግብ ስትራመድ ይሰማ ነበር።

"ወተት ነው" አልኩ ደግሜ። "ጀሪካኑም ማንቆርቆሪያውም ወተት ነው። ባጃጅ ውስጥ አቀያይሬ ነው። እማማ አይተው ሸፈኑልኝ። እኔም የተከራከርኩላቸው ስለፈራሁ ነው።"

"ጥሩ ወተት ነው?" አለ አያ ሞላ።

"ሞላ!" አሉ መምሬ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። መሳቅ እንዳማራቸው ጢማቸው ይናገራል። "አንቀጽ ዘጠኝ እስኪ ይነበብ።"

አነበብኩ። "ያለ ምንም ምክርና ተግሣጽ" የሚለውንም ጭምር። ሦስት ቅዳሜ የለፋሁበት ደንብ ነው፤ አንድም ቀዳዳ አላበጀሁለትም። መሰረዝ ማለት ምን እንደሆነም ያኔ ገባኝ። ከዚያ ቤት መውጣት፣ እሑድ ጧት የሚሄዱበት ማጣት፣ አንድ ቀን ደግሞ ስም ሳይጠራ መቅረት። እማማ ዙሪያሽ ፓፓያ ይዘው የመጡት ይህንኑ ሊነግሩኝ ነበር።

"ምን ይሻላል?" አሉ መምሬ። ሰው ሁሉ ወደ እማማ ዙሪያሽ ዞረ። ማን ዙሩ እንዳላቸው አላውቅም።

"አንድ ነገር ልጠይቀው" አሉ እማማ። "ስትሸከመው ሸትቶህ ነበር?"

"አልሸተተኝም።"

"እንግዲያው ከኔ ይሻላል። እኔ ሸትቶኝ አውቄ ነው የቆረስኩት። እኔ በሱ አፍ ከተማርኩ፣ እሱ በኔ አፍ የማይማረው ለምንድን ነው?"

"ይማር!" አለ ቤቱ። እልልታው ለኔ ሲሆን ትንሽ አጠር ያለ መሰለኝ፤ ቢሆንም አልከሰስኩም።

"ግን" አሉ እማማ ጣታቸውን አንሥተው፣ "የወተቱ ባለቤት ጾመኛ ናት። ጀንበር ሳትጠልቅ ያድርስላት። የሱ ጠላ ደግሞ አሁን የት እንዳለ አስባችሁታል?"

አላሰብነውም ነበር። አሰብነው። መምሬ አስፋው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። በረመዳን፣ ለፍጡር፣ ጠላ!

ለሰይድ ስደውልለት ገና ሳልናገር፣ "መምህር፣ ሹፌሮች የሰው ዕቃ ያቀያይራሉ አላሉም?" አለኝ። "እየመጣሁ ነው። ሴትየዋ እያለቀሰች ነው።" ማንቆርቆሪያው ውስጥ የገባውን ወተት፣ ማንቆርቆሪያው የጠላ ስለሆነ፣ መልሰን መጨመር አልቻልንም፤ ጾም ያልደረሰባቸውን የነዳያኑን ሕፃናት ደጅ ላይ አጠጣናቸው። የእማማንም ጣሳ እንዲሁ። ከዚያ ጀሪካኑን ይዤ ባጃጅ ስገባ እማማ ዙሪያሽ ቀድመው ተቀምጠዋል።

"አንቱ ደግሞ የት ነው?"

"ብቻህን ብልክህ ከውርጌሳ ፍየል ይዘህ ትመለሳለህ።"

መንገድ ላይ አላስችል አለኝ። "እማማ፣ እውነት ሊጠጡት ነበር? ወይስ እኔ እስክናገር ነው የጠበቁ?"

ፊታቸውን ወደ መንገድ ዳሩ የፓፓያ ማሳ አዞሩ። "ሸተተኝ" አሉ። ከዚህ ሌላ አንድ ቃል አልጨመሩልኝም፤ ዛሬም ድረስ አላውቅም።

እትዬ ዘሀራን ከአማቷ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አገኘናት። ጀሪካኑን በዱላ ርዝመት አርቃ አስቀምጣዋለች። ፌስታሉን ስትነቅለው ጌሾ ሸቷት ደንግጣ ወርውራዋለች። ለመስጂዱ ማፍጠሪያ ከግራና ዘመዶቿ ያሰባሰበችው ወተት ነበር፤ አሁን ሰው ምን ይለኛል ብላ ዓይኗ ቀልቷል። እኔን ስታይ ተነሣች።

"ወላሂ አልቀመስኩትም!" አለች።

"በእመቤቴ፣ እኔም አልቀመስኩትም!" አልኩ።

ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ነው የማልነው። ሰይድ ፊቱን ወደ ባጃጁ አዙሮ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር።

"እህቴ፣ ጥፋቱ የኔ ነው" አልኳት። "አውፍ በይኝ።"

"አውፍ ብያለሁ፤ አንተም አውፍ በለኝ፣ ፌስታልህን ጥዬብሃለሁ።" ወተቱን ነቅነቅ አድርጋ መዘነችው። "ትንሽ ጎደለሳ?"

"አንድ ማንቆርቆሪያ ሙሉ። የነዳያን ሕፃናት ጠጡት።"

"እንግዲያውስ አጅሩም ጽድቁም የኔ ነው" አለች፣ ፊቷ እየበራ። "ማንም እንዳይሻማኝ።"

"ቄሱም ባርከውታል" አሉ እማማ ዙሪያሽ፣ ነገር ፍለጋ።

እትዬ ዘሀራ አሰበችበት። "ዱዓ አይጠላም" አለችና ወደ እኔ ዞረች። "እኚህ ናቸው ዳቦ የቆረሱት?"

"እሳቸው ናቸው።"

"ፈረድክባቸው?"

"እሳቸው ፈረዱልኝ።"

ተነሥተን ስንሄድ አዲስ ችግር መጣ። ጠላው ክዳን የለውም። ባጃጁ ጉድጓድ በነካ ቁጥር ከአፉ እየተረጨ ሱሪዬን ያርሰዋል። ሰይድ፣ "መምህር፣ የእስላም ባጃጅ ነው፣ ረመዳን ነው!" እያለ ይጮሃል። ጨርቅ የለ፣ ቅጠል የለ።

"ያ ወረቀትህስ?" አሉ እማማ ዙሪያሽ።

"የቱ ወረቀት?"

እጃቸውን ዘረጉ። ከኪሴ አወጣሁ። ሦስት ገጽ። አሥራ ሰባት አንቀጽ። ትንሽ አመነታሁ፤ አልዋሽም። ሰጠኋቸው። ሦስቱንም አንድ ላይ ጠቀለሉት፣ አጠነከሩት፣ የጀሪካኑን አፍ ደፈኑበት። ልክክ አለ። ከዚያ በኋላ አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም፤ ደንቡን ከጻፍኩት ጀምሮ የሆነ ነገር ሲያግድ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ስንመለስ ግማሹ ሰው ሄዷል። መምሬ አስፋው አሉ፤ አያ ሞላ ደግሞ ጣሳውን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። መምሬ የጀሪካኑን የወረቀት ውሽቅ አይተው ደንቡ መሆኑን አወቁ። "ግድ የለም" አሉኝ፣ ትከሻዬን ቸብ አድርገው። "የፊተኛውም ሙሴ የመጀመሪያዎቹን ጽላቶች ሰባብሯቸዋል።"

ውሽቁን ስነቅለው ከታች በኩል ርሷል። ቀዩ ቀለም ተለቅልቆ ወርዷል፤ የት እንደወረደ መናገር አያስፈልገኝም። ቀዳሁ። መጀመሪያ ለእማማ ዙሪያሽ፣ ቀጥሎ ለመምሬ፣ ቀጥሎ ለአያ ሞላ። አያ ሞላ አንድ ጊዜ ጎንጨት አደረገና ቆመ። ምላሱን አላወሰ። ጣሳውን ወደ ብርሃን ወስዶ አየው።

"ሙሴ፣ ይሄ ጠላ ቀለም ቀለም ይላል።"

እማማ ዙሪያሽ ከጣሳቸው ቀና አላሉም። "አንቀጽ ዘጠኝ ነው" አሉት። "ዋጠው።"

አያ ሞላ ዋጠው። የመጨረሻውን ጣሳ ለራሴ ቀዳሁ። ይመራል። እኔም ዋጥኩት።